ፋሲካን ያሳሳትኩበት ዓመት

የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር ታስተምራለች። ባለፈው ክረምት ልትጠይቀኝ መጥታ አጠገቤ ቁጭ ብላ ተማሪዎቿን ስታማርር ዋለች።

«አባባ፣ ሥራ እሰጣቸዋለሁ፤ አንድ ወር ሙሉ ጊዜ አላቸው። የሚጀምሩት ግን ሊያስረክቡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ነው። ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው፣ ነጥብ ቀነስኩባቸው፤ አልሆነልኝም። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ሐሳብ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ምን ቢሏቸው ነበር የሚጀምሩልዎት?» አለችኝ።

ሐሳብ ያለችው የቤተ ክርስቲያንን የዘመን አቆጣጠር፣ ባሕረ ሐሳብን ነው። ያን ቀን አልመለስኩላትም። መልሱን የተማርኩት በአንድ ክፉ ዓመት ነው፤ ያንን ዓመት ደግሞ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ዕድሜዬ ዘጠናን አልፏል። ከእንግዲህ ማቆየቱ ምን ይጠቅመኛል ብዬ ነው የምጽፈው።

ጣሊያን መተማን በያዘ በሁለተኛው ክረምት ነው። መንደራችን ከመተማ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ፣ ጓንግ ወንዝ ዳር ያለች የማሽላና የሰሊጥ አገር ነበረች። አያቶቻችን ከደጋ ወርደው ያቀኗት ናት። ቤተ ክርስቲያኗ ግድግዳዋ ሽመል፣ ክዳኗ ሣር ነው። እኔ ዲያቆን ነበርኩ፤ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። አባትና እናቴን የቆላው ንዳድ፣ ወባው፣ ወስዶብኝ በአባቴ ማሳ ላይ ብቻዬን ማሽላ እዘራለሁ።

መምህሬ የጎንደር ሰው ነበሩ። ከተማው ሲያዝ ከአርበኞች ጋር ወደ ቆላ ወርደው፣ ጉልበታቸው አልሸከም ሲላቸው እኛ መንደር ቀሩ። የኔታ እንላቸዋለን። ሁለት ተማሪ ነበርን። አንደኛው ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም ወርዶ በዚያው የቀረ ጓደኛዬ ነው፤ ሌላው እኔ።

ድሮ የዓመቱ ጾምና በዓል የሚውልበት ቀን ከደጋ ነበር የሚመጣልን። ጳጉሜን ላይ አንድ ሰው ወደ ጭልጋ ይላካል፤ ካህናቱ የጻፉለትን ይዞ ይመለሳል፤ በዘመን መለወጫ ለሕዝቡ ይነገራል። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ግን መንገዱ ሁሉ ኬላ ሆነ። ጽሕፈት ይዞ የተገኘ ሰው የአርበኛ መልእክተኛ ነው። ከጎረቤት መንደር አንድ ገበሬ አንገቱ ላይ ያሰረውን ክታብ ፈትተው፣ ማንበብ የሚችል ስላልነበራቸው ደብዳቤ ነው ብለው መተማ ገበያ ላይ ሰቀሉት። ከዚያ በኋላ ወረቀት የሚሸከም ጠፋ።

በሰኔ መጀመሪያ የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው የሮቃ ዛፍ ሥር አስቀመጡንና ሥራ ሰጡን።

«የመጪውን ዓመት ሐሳብ ከነነዌ እስከ ጰራቅሊጦስ አውጥታችሁ ታመጡልኛላችሁ። እኔ አላወጣውም። እናንተ ካላወጣችሁት ይህ ሕዝብ በጨለማ ይከርማል። ለየብቻችሁ ሥሩ።»

«እስከ መቼ ነው የኔታ?» አልኩ።

«እስከ ነሐሴ ኪዳነ ምሕረት። ግን ዛሬውኑ ጀምሩ። ክረምቱ ሳይዘጋ፣ ንዳዱ ሳይነሣ። ቆላ ነው ያላችሁት፤ ንዳድ የያዘው ሰው እንኳን ዘመን ጣቱንም አይቆጥር።»

ጓደኛዬ ያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጀመረ። መተማ ሱቅ ያለው አንድ እስላም ነጋዴ ስኳር የጠቀለለበትን ወረቀት እየሰበሰበ ይሰጠን ነበር፤ እሱን ዘርግቶ ወንዙ ዳር ተቀምጦ ሲጭር አየሁት። እኔ ከሁለት ወር በላይ አለኝ ብዬ ወደ ማሳዬ ሄድኩ።

የኔታ ያልሞከሩት ነገር የለም። መጀመሪያ ተቆጡኝ። ቀጥለው ለመኑኝ። በኋላ፣ «እሺ፣ ሁሉንም ተወው፤ ለእሁድ አንዲት መስመር ብቻ ይዘህልኝ ና» አሉኝ። እሁድ ስመጣ ወረቀቱን ዝናብ አበላሸው አልኳቸው። በሚቀጥለው እሁድ ማሽላውን ዝንጀሮ እየበላብኝ ነው አልኩ። ዝንጀሮው እውነት ነበር፤ ግን ምክንያቱ እሱ አልነበረም።

ሰነፍ ነው ብለው ነበር የሚያዝኑብኝ። እኔ ሰንፌ አልነበረም። በማሳዬ ላይ ከማንም ጋር እኩል እውላለሁ። የፈራሁት ሌላ ነው። የኔታ ሲያስተምሩ ገብቶኛል እያልኩ ራሴን ስነቀንቅ ከርሜ፣ ወረቀቱ ፊት ስቀመጥ አለመግባቱ ሊገለጥብኝ ነው። ሥራው ካልተጀመረ አላዋቂነቴም አልተጀመረም። «ነገ» ባልኩ ቁጥር አንድ ቀን አዋቂ ሆኜ እውላለሁ።

በሐምሌ አጋማሽ ጓደኛዬ ጨርሶ አስረከበ። የኔታ ወረቀቱን ካገላበጡ በኋላ «ደግ!» ብለው ከሳጥናቸው ጨመሩት። ለእኔ እንዳያሳየኝ አዘዙት። በሳምንቱ ጓደኛዬ ወደ ቋራ፣ ወደ አርበኞቹ ተሻገረ። ስንሰነባበት፣

«ጀምረኸዋል?» አለኝ።

«ልጀምር ነው።»

«ጀምረው ባክህ። የሚያስፈራው ወረቀቱ ባዶ ሳለ ብቻ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

ወዲያውኑ ወታደሮች ቤት ለቤት ሊፈትሹ ነው የሚል ወሬ መጣ። የኔታ በቤታቸው የነበረውን የተጻፈ ሁሉ እሳት ውስጥ ጨመሩት። የጓደኛዬም ወረቀት አብሮ ነደደ። ወታደሮቹ ያን ጊዜ አልመጡም።

ነሐሴ ሲገባ ንዳድ የኔታን ጣላቸው። ነጋዴው ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት ኪኒን አምጥቶልን ነበር፤ ዋጡት፤ ለሁለት ቀን ተሻላቸውና እንደገና ወደቁ። አንድ ማለዳ ልጠይቃቸው ገባሁ። ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል፤ ልባቸው ግን በቦታው ነበር።

«ሠራኸው?» አሉኝ።

«ሠርቻለሁ የኔታ።»

«ወንበሩ ስንት ወጣህ?»

ወንበር ማለት የቁጥሩ ሁሉ መነሻ ነው። ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ ያለውን ዓመት ዐሥራ ዘጠኝ ዐሥራ ዘጠኝ እያልክ ታወጣለህ፤ ከተረፈህ ላይ አንድ ትቀንሳለህ፤ የቀረው ወንበር ነው። የጀመረ ሰው በመጀመሪያው መስመር የሚያገኘው ነገር ነው።

«ወረቀቱ ቤት ነው» አልኳቸው።

«አምጣው ልየው። ዛሬ እችላለሁ።»

ማታ አመጣለሁ ብዬ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ብርዕ ያዝኩ። ወረቀቱን ሳይ ብርዑን መልሼ አስቀመጥኩት። አረሙን ልጨርስና ብዬ ማሳ ወጣሁ። ማታ ባዶ እጄን መሄድ አፈርኩና ቀረሁ። በማግሥቱ ስሄድ ሰው መለየት አቁመው ነበር። «የኔታ፣ እኔ ነኝ» ብላቸው ጣሪያውን ያያሉ። በሦስተኛው ቀን ቀበርናቸው። መቃብሩን ስንቆፍር ውኃ እየሞላብን በቅል እየቀዳን ነበር።

ጳጉሜን ላይ ሽማግሌዎቹ ቤቴ ድረስ መጡ። ቄሳችን ቅዳሴ እንጂ ሐሳብ አይችሉም።

«ልጄ፣ የኔታ ያወጡትን አንተ ይዘኸዋል አይደል? ነገ ቅዱስ ዮሐንስ ነው፤ ትነግረናለህ» አሉኝ።

አልያዝኩም ማለት ነበረብኝ። «ይዣለሁ» አልኩ።

ያን ቀን ከምሳ እስከ ፀሐይ መግቢያ ባለው ጊዜ የሁለት ወሩን ሥራ ሠራሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ዐሥራ ዘጠኝ እያልኩ ሳወጣ የተረፈው አንድ ብቻ ሆነ። ደስ አለኝ። ትንሽ ቁጥር ለማባዛት ቀላል ነው። አንዱን ይዤ ወደሚቀጥለው መስመር ሮጥኩ። ነነዌ የሚገባበት ቀን ሰኞ ላይ ወደቀልኝ። የኔታ ሁልጊዜ፣ «ነነዌ ሰኞ ካልዋለ ተሳስታችኋል» ይሉን ነበር። ሰኞ ከዋለ ልክ ነው ግን ብለውን አያውቁም። በማግሥቱ በሕዝቡ ፊት ቆሜ አነበብኩ። እልል ተባለልኝ።

ነነዌን ጾምን፤ ዐቢይ ጾም ገባ፤ እኔ ባልኩት ቀን ጾምን። ያ ጾም ከባድ ነበር። ከመኸሩ ገሚሱን ወታደሮቹ ለበቅሎዎቻቸው ወስደውት ነበር።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ለተማሪ የማሽላ ቂጣ የሚያቀብሉን እሳቸው ናቸው። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ አርማጭሆ ከአርበኞች ጋር ነው። ልጄ በሰላም ይመለስልኝ ብለው ያንን ጾም የሰሊጥ ዘይት እንኳ ሳይነኩ፣ በደረቅ ቂጣና በውኃ ሊጾሙት ተሳሉ። ከስተው አንገታቸው ሽመል መስሎ ነበር።

እኔ ፋሲካ ነው ባልኩት እሁድ አንድ በሬ ታረደ። ባልቴቷ ወደ ዳር ተቀምጠው ቂጣቸውን ይቆርሳሉ።

«እማማ፣ ምነው?» አልኳቸው።

«ልጄ ሳይመጣ ጉሮሮዬ እንቢ አለኝ።»

«ትንሣኤ እኮ ነው! ዛሬ መጾም ኃጢአት ነው» አልኩና ሥጋ ጠቅልዬ በእጄ አጎረስኳቸው። እያለቀሱ ዋጡት።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ማክሰኞ ዕለት ማር ነጋዴ መስለው አንድ መነኩሴ ከደጋ መጡ። ወደ አርበኞቹ የሚያልፉ ነበሩ። ቄሳችን ቤት አስገብተን ወጥ ቀረበላቸው። መነኩሴው እንጀራውን ገለጥ አድርገው አዩትና እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የፍየል ሥጋ ነው አባ፤ ይቅመሱ። ፋሲካ አይደል» አሉ ቄሳችን።

መነኩሴው ቀስ ብለው ተነሡ። «ልጆቼ፣ ዛሬ ሰሞነ ሕማማት ነው» አሉ።

ከዚያ ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ።

መነኩሴው አልጮኹብኝም። ወደ ደጅ አወጡኝና ስንጥር ሰጥተው አፈር ላይ እንድሠራው አዘዙኝ። ጀመርኩ። አንድ ተረፈ። ልቀጥል ስል እጄን ያዙኝ።

«ከተረፈው ላይ ምን ታደርጋለህ?»

«አንድ...» አልኩና ቆምኩ።

«አንድ ከአንድ ሲቀነስ?»

«ምንም።»

«ወንበር የሌለው ዓመት ነው። ሁሉም ከዚያ ይነሣል። ሁለት ሳምንት አስቀድመሃል» አሉ። ቀጥለውም፣ «ኒቆዲሞስ በሚዘመርበት፣ ከሆሣዕና በፊት ባለው እሁድ ሥጋ አስቆርጠሃል» አሉኝ። ስንጥሩን ወስደው የሠራሁትን በእግራቸው አጠፉት።

ለሕዝቡ፣ ባለማወቅ ያደረጋችሁት ነው ብለው የቀሩትን ቀናት እንድንጾም አዘዙ። ሰው አልሰደበኝም። ይህ ከስድብ ይከፋ ነበር። ወንዝ ስወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቆማሉ።

እውነተኛው ፋሲካ ካለፈ በአራተኛው ቀን ከአርማጭሆ መልእክተኛ መጣ። የባልቴቷ ልጅ መውደቁን ተናገረ። መቼ ነው ሲባል ቀኑን አያውቅም፤ «ጨረቃ ገና ብቅ ስትል ነው፤ ፀሐይ ስትገባ እንደ ማጭድ ቀጥና አይተናታል» አለ።

ለቅሶው በወጣ በሦስተኛው ቀን ባልቴቷ አስጠሩኝ። መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸውን ነጭተውት ቆስሏል።

«አንተ ቀን ቆጣሪ ነህ» አሉኝ። «ቁጠርልኝ። ልጄ የሞተው እኔ ሥጋ ሳልበላ ነው ወይስ ከበላሁ በኋላ?»

ቤቴ ሄጄ ያኑ ደቂቃ ጀመርኩ። በሕይወቴ ሥራን ሳላሳድር የጀመርኩት የዚያን ቀን ነው። የጨረቃዋን ዕድሜ ከፊት ቆጠርኩ፤ ከኋላ ቆጠርኩ፤ ሦስት ጊዜ ሠራሁት። ሦስቱም ጊዜ አንድ ሆነ። ልጁ የወደቀው እኛ ሥጋ ከመቁረጣችን በፊት፣ ከሳምንት በላይ ቀድሞ ነበር። አላመንኩም። መተማ ድረስ በእግሬ ሄጄ ነጋዴውን ጠየቅኩት። እስላሞቹ ወር የሚይዙት ጨረቃ አይተው ነው። ጣቱን እያጠፈ ቆጠረልኝ፤ ልክ ነበርኩ።

ሮጬ ተመለስኩ። «እማማ፣ ቀድሞ ነው! እርስዎ ጾመኛ ሳሉ ነው የሞተው። የበሉት ምንም አላደረገውም» አልኳቸው።

«ያን ጊዜም እንዲህ ነበር ያልከው» አሉኝ። «ፋሲካ ነው ብለህ አጎረስከኝ።»

«አሁን ሦስት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ነጋዴውንም ጠይቄያለሁ።»

«እሱም አዝኖልህ ይሆናል። ሂድ ልጄ። አልተቀየምኩህም። ግን ቁጥርህን አላምነውም።»

ከዚያ ቀን በኋላ እህል በአግባቡ አልቀመሱም። ጎረቤት ቢለምን፣ ቄስ ቢገዝት እንቢ አሉ። ሐምሌ ላይ ንዳድ ሲነካቸው የሚታገልበት አካል አልነበረም። በሁለት ቀን ሞቱ። ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ፤ ክብደት አልነበረውም።

ከመንደሩ ልጠፋ አስቤ ነበር። ያስቀረኝ የመነኩሴው ንስሐ ነው። ሲሄዱ፣ «ስግደት አላዝህም፤ ስግደት ይቀልሃል። ይህ ሕዝብ በአንድ ሰው ቁጥር ብቻ እንዳያድር ሁለት ሰው አስተምር» ብለውኝ ነበር።

ሁለት ሰው ማግኘት ዓመት ፈጀብኝ። ከእኔ ማን ይማራል? በመጨረሻ አንድ ዲያቆንና አንድ ጎልማሳ አርበኛ እሺ አሉኝ። አርበኛው ቀኝ እጁ ተቆርጦ ወደ መንደሩ የተመለሰ ነው። ከማረስ ተገልሎ ነበርና ሌላ ሥራ አልነበረውም። ዓመት ሙሉ ካስተማርኳቸው በኋላ ሰኔ ላይ የመጪውን ዓመት ሐሳብ ሰጠኋቸው። ዲያቆኑ ያኑ ሳምንት ጀመረ። አርበኛው ግን ስጠይቀው፣ «ነገ» ይለኛል።

ያቺን ቃል እኔ ነኝ የማውቃት። አልተቆጣሁትም። ቤቱ ሄድኩ። በራፉ ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ አፈር ይጭራል፤ ሲያየኝ በእግሩ አጠፋው።

«ምን ነበር የጻፍከው?» አልኩት።

«ምንም።»

«አልገባህም?»

ፊቱ ጠቆረ። «በጥይት መሐል አልፌያለሁ፤ ይህን ለምን እፈራዋለሁ?»

«እኔም ፈርቼው ነበር» አልኩት። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ያንን የጥፋት ሥራዬን፣ ያንን የጳጉሜን ቀን የሠራሁትን፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ እንዳለ አፈሩ ላይ ጻፍኩለት። በቃሌ ነው የማውቀው። «ይህ የእኔ ነው። የኔታን ሠርቻለሁ ብዬ እንደዋሸኋቸው ሞቱ፤ አንድ መስመር አልጀመርኩም ነበር። ባልቴቷ የሞቱት በዚህ ነው። የት ላይ እንደተሳሳትኩ ፈልግልኝ።»

ፀሐይዋ ከበራፉ ዘወር እስክትል አየው። ከዚያ ግራ እጁን ዘርግቶ የተረፈውን አንድ በጣቱ ነካው።

«ከዚህ ላይ አንድ መቀነስ አልነበረበትም?»

«ነበረበት።»

«ታዲያ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ...»

«ሁሉም።»

አጠፋውና ራሱ እንደገና ይሠራው ጀመር። አጻጻፉ እንደ ዶሮ ጭረት ነው። ሁለት ቦታ ተሳሳተ፤ ስቄ ሳይሆን ራሴን ነቅንቄ አስተካከልኩለት። ከጨረሰ በኋላ ሳልጠይቀው፣ «የመጪው ዓመትስ መጀመሪያው እንዲሁ ነው?» አለኝ፤ መነሻውን እዚያው ጻፈው። ከዚያ ወዲያ እኔ ስጠይቀው ሳይሆን እሱ ሲያስጨንቀኝ ከረመ። በሐምሌ መጨረሻ ሁለቱም አስረከቡ፤ አንድ ዓይነት ወጣላቸው። እኔም ለብቻዬ ሠርቼው ነበርና ከእነሱ ጋር ገጠመ። ነሐሴ ላይ ዲያቆኑን ንዳድ ያዘው፤ ሥራው ግን ከንዳዱ ቀድሞ አልቋል። ተረፈ።

በዘመን መለወጫ ዕለት አርበኛው ቆሞ አነበበ። እኔ ከወንዶቹ ኋላ፣ ከአጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። ከሴቶቹ በኩል አንዲት እናት ወደ ጎረቤታቸው ጎንበስ ብለው ሲጠይቁ ሰማሁ፦

«ያ ልጅ ነው እንዴ ዘንድሮም የቆጠረው?»

«የለም፤ ዲያቆኑና እሱ ናቸው።»

«ተመስገን» አሉ ሴትዮዋ፤ ነጠላቸውንም አስተካክለው ማዳመጥ ጀመሩ።